ቅንድቤና ስታፋው

በግራ ቅንድቤ ላይ አራት ስፌት ያረፈበት ጠባሳ አለ። ፀጉር አይበቅልበትም። ሰው ሲጠይቀኝ ለብዙ ዓመት «ወድቄ ነው» እያልኩ አልፌያለሁ። ዛሬ እንዴት እንደመጣ ልጽፈው ተነሣሁ። ባለፈው ወር አብራኝ የምትሠራ ወጣት መሐንዲስ ሳይት ላይ ተገፍትራ መጣች። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብላ እጇን እያሻሸች መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ብከሰው ምን ይመጣብኛል?» ብላ ነው። «ምን ይመጣበታል?» አላለችም። ያቺ አንዲት ቃል ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳችኝ።

እኔ የሕንፃ ተቆጣጣሪ ነኝ። በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ ሁለት ዓመት ኮንትራክተር ጋ ሠራሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜዬን በመሃል አዲስ አበባ የሰው ግንባታ ስዞር ነው ያሳለፍኩት። ከፒያሳ ወደ ተክለ ሃይማኖት፣ ከሰንጋ ተራ ወደ ለገሃር፣ ከዚያ በካዛንቺስ ዞሬ እመለሳለሁ። ፈቃድ አለ ወይ፣ የሚሠራው በጸደቀው ፕላን መሠረት ነው ወይ፣ መሠረቱ ተቆፍሮ ልኩ ላይ ደርሷል ወይ፣ አርማታ ውስጥ የሚገባው ብረት፣ ፌሮው፣ እንደተባለው ታስሯል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው ሥራዬ።

ከዚህ ሁሉ ጠብ የሚያመጣው ፌሮው ነው። አርማታ ከተሞላ በኋላ ውስጡን የሚያይ ዓይን የለም። ስለዚህ የእኛ ሥራ ዋጋ የሚኖረው ፌሮ ታስሮ ካለቀበት እስከ ሚክሰሩ መነሣት ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። በዚያው ሰዓት ባለንብረቱ ሚክሰርና ቫይብሬተር ተከራይቷል፣ አርባ ሃምሳ የቀን ሠራተኛ ሰብስቧል፣ ሲሚንቶውን አራግፏል። «ይቁም» የሚለው ቃል ለእሱ ገንዘቡ ሲፈስ እንደማየት ነው። ይህን አውቃለሁ፣ አዝንለታለሁም። ኮንትራክተር ጋ የሠራሁት ሁለት ዓመት ያስተማረኝ አንዱ ነገር ይህ ነው።

ኅዳር 2011 ነበር፤ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም። ከፈቃድ ውጭ የሚሠራ ሰው ቀን ይመርጣል፦ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እሑድ፣ የበዓል ዋዜማ። የቡድን መሪያችን ደወለልኝ። ከቸርችል ጎዳና ጀርባ፣ ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚያወርደው መንገድ፣ ጂ ፕላስ 4 ተፈቅዶለት ሌላ ወለል እየጨመረ ነው ብሎ ጎረቤት ጠቁሟል። ዛሬ ማታ ሊሞሉት ነው። ጥንዴ የሆነው ባልደረባዬ ለቅሶ ላይ ስለነበር ብቻዬን ሄድኩ።

በአጣናው መወጣጫ ወጣሁ። ከላይ አርማታ የሚሞላበት ካሳፎርማ ተገጥሟል፣ የሶሌታው (የወለሉ) ፌሮ ተነጥፏል፣ ኮለኖቹ (ምሰሶዎቹ) ወደ ላይ ቆመዋል። ፈቃዱን ለጊዜው ተውኩትና ሜትሬን አወጣሁ። ስታፋ ማለት የኮለኑን ቋሚ ፌሮዎች ዙሪያቸውን እንደ መቀነት አቅፎ የሚይዘው ቀጭን ብረት ነው። በፕላኑ ላይ ኮለኑ ወለሉን ከሚሸከመው አግዳሚ፣ ከቢሙ፣ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ መታሰር ነበረበት። እኔ ለካሁ፤ 30። ሌላውንም ለካሁ፤ 28። ሦስተኛው ላይ ጭራሽ መገናኛው ላይ አንድም የለም።

በሳይት ደብተሩ ላይ እየጻፍኩ ሳለሁ ባለንብረቱ ወጣ። ዕድሜው ከአባቴ ብዙ አያንስም፣ የለበሰው ጥሩ ካፖርት ነው። መጀመሪያ በትሕትና «ኢንጂነር፣ እንዴት ዋልሽ» አለኝ። ቀጠለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስንት ትፈልጊያለሽ?» አለ። «ጌታዬ፣ እኔ የምፈልገው ስታፋ ነው» አልኩት። ደብተሩን ከእጄ ሊነጥቀኝ ሞከረ፣ አልለቅም አልኩ። «ከዚህ ፎቅ ወድቆ የሚሞት ሰው አትሁኚ» አለኝና በቡጢ መታኝ። ቅንድቤን የተረተረው በጣቱ ላይ የነበረው ቀለበት ነው።

ደሙ ፕላኑ ላይ ሲንጠባጠብ ትዝ ይለኛል። ፎርማኑ ወደ ሌላ ዞሮ ቆመ። ግንበኞቹ ዝም አሉ። ከሁሉም ወደ እኔ የመጣችው ጠጠር በባሬላ ስታመላልስ የነበረች ልጅ ናት፤ ሻሿን ፈትታ ቅንድቤ ላይ ጫነችልኝና «እትዬ፣ ተቀመጪ፣ ወደታች አትመልከቺ» አለችኝ። ስሟን አልጠየቅኋትም። በኋላ ለምስክርነት ስትፈለግ የቀን ሠራተኛ ናትና ማን ያገኛታል።

ፖሊስ ጣቢያ የገጠመኝን ሳስበው መርማሪው ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር ሰጠኝ፣ ውኃ አስመጣልኝ። የጠየቀኝ ጥያቄ ነው ያስደነገጠኝ። «ከዚህ በፊት ትተዋወቃላችሁ? ጠብ ነበራችሁ?» አለ። ቀጥሎ «ቅዳሜ ከሰዓት በማን ትዕዛዝ ገባሽ? ደብዳቤ ይዘሻል?» ደብዳቤ የለኝም፤ የታዘዝኩት በስልክ ነው። መዝገቡ ላይ መጀመሪያ የጻፈው «የእጅ እልፊት» የሚል ነበር። የሐኪም ማስረጃ ይዤ ስመለስ «ቀላል የአካል ጉዳት» ሆነ። ሁለታችንም ሰፈር ውስጥ የተጣላን ጎረቤታሞች መሰልን። የሥራ መታወቂያዬ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በመዝገቡ ላይ ግን የመሥሪያ ቤቴ ስም አንድም ቦታ አልሰፈረም።

በሳምንቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሦስት ሽማግሌዎች እናቴ ቤት መጡ። አንዱ የእናቴ ንስሐ አባት ናቸው። ሰውየው እንዴት እንዳገኛቸው እስካሁን አላወቅሁም። እናቴ ቡና አፈላች። አባ መስቀላቸውን ይዘው «ልጄ፣ ሰውየው ተጸጽቷል፣ ሰይጣን ነው ያሳሳተው፣ ነገ የምትፈላለጉ ሰዎች ናችሁ» አሉኝ። እናቴም በዓይኗ ትለምነኛለች፤ ልጇ ብቻዋን በየፎቁ የምትወጣ ሴት ናትና የምትፈራው ነገር አላት። ሰውየውም አብሯቸው መጥቶ ነበር፤ የሕክምናዬን ወጪ ሊከፍል ተስማማ። ተነሥቶ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል «ኧረ ይተዉ» ብዬ ያዝኩት። ይቅር አልኩት። ማክሰኞ ጣቢያ ሄጄ አቤቱታዬን ማንሣቴን ፈረምኩ።

ሽምግልናን አልንቅም። አባቴና አጎቴ አሥራ አንድ ዓመት የተኮራረፉበትን የድንበር ነገር የፈቱት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ፍርድ ቤት ቢሄዱ ኖሮ ሁለቱም ሳይነጋገሩ ይሞቱ ነበር። ቅንድቤም የእኔ ስለሆነ ይቅር ማለት እችላለሁ። ግን እኔ አቤቱታ ሳነሣ ሰውየው በመሥሪያ ቤታችን ዘንድም «ጉዳዩ በእርቅ ተፈትቷል» ተብሎ ተወራለት። የእርምት ትዕዛዙ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ሲንከባለል ሶሌታው ተሞላ፣ ካሳፎርማው ተነሣ። እነዚያ ኮለኖች ዛሬም ቆመዋል፤ ከታች ሱቅ አለ፣ ከላይ ሰው ይኖራል። ስታፋውን ይቅር የማለት መብት አልነበረኝም። ያንን ቤት ተከራይተው የሚተኙ ሰዎች እኔን ሽማግሌ አልላኩም።

ሕጉ ምን እንደሚል የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው። አራት ኪሎ፣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሄጄ የወንጀል ሕጉን ገዛሁና ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። መሐንዲስ ሕግ ሲያነብ እንደ ፕላን ነው የሚያነበው፣ የቱ ከየቱ ጋር እንደሚያያዝ እያየ። በ1996 የወጣው ይህ ሕግ በአንቀጽ 560 የእጅ እልፊትን ያስቀምጣል፤ አካል ሳይጎዳ የሚሰነዘር ምት ነው። 556 ቀላል የአካል ጉዳት ነው፣ እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ። 555 ከባድ የአካል ጉዳት ነው፣ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርስ ይችላል። «ከዚህ ፎቅ ወድቆ የሚሞት» ያለኝ ዓይነት ዛቻ ደግሞ 580 ላይ አለ። የእኔ ጉዳይ ያረፈበት 556 ንዑስ አንቀጽ 1 በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣ ነው። ተበዳዩ ካላመለከተ ወይም አቤቱታውን ካነሣ፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሽማግሌ የሚላከውም ለዚህ ነው፤ የላከው ሰው ሕጉን ከእኔ በተሻለ ያውቅ ነበር።

ቀጥዬ ሳነብ ግን ሌላ ነገር አገኘሁ። ያው ሕግ የመንግሥት ሠራተኛን በኃይል ወይም በዛቻ ሥራውን እንዳይሠራ ማገድን፣ ወይም ሥራው ላይ ሳለ በእሱ ላይ የኃይል ድርጊት መፈጸምን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎታል። የሚገኘውም በመንግሥት ሥራ ላይ ከሚፈጸሙ ወንጀሎች ጋር እንጂ ከአካል ጉዳቱ ክፍል ጋር አይደለም። ተበዳዩ ቅንድብ ሳይሆን ሥራው ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሼ አንቀጽ 84ን አነበብኩ፤ ቅጣትን የሚያከብዱ ጠቅላላ ምክንያቶች የተዘረዘሩበት ነው። ወንጀሉ የተፈጸመው ሥራውን በማከናወን ላይ ባለ የመንግሥት ሠራተኛ ላይ ከሆነ፣ ያ ራሱ ቅጣቱን ያከብዳል። መጽሐፉን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ጥበቃው ነበረ፤ እዚያው መደርደሪያ ላይ፣ በአማርኛ ተጽፎ። መርማሪው አልጠየቀኝም፣ እኔም አላነሣሁትም፣ አለቃዬም አላነሣውም።

የሰውየው የመጀመሪያ ቃልም ቢሆን ወንጀል ነው። በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ጉቦ መቀበል ብቻ ሳይሆን መስጠትም ያስቀጣል። «ስንት ትፈልጊያለሽ?» ያለኝን ቃሌን ስሰጥ ተናግሬያለሁ፤ መዝገቡ ላይ ግን የለም።

በሌላ በኩል፣ ባለንብረቱ መብት የሌለው ሰው አልነበረም። ያኔ የምንሠራበት የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ነበር። ቁመቱ ከ12 ሜትር የሚበልጥ ማንኛውም ሕንፃ በአዋጁ ምድብ ሐ ውስጥ ይገባ ነበር፣ ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግበት ምድብ ማለት ነው። ይኸው አዋጅ በሕንፃ ሹሙ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው የሚያመለክትበት ይግባኝ ሰሚ ቦርድም ነበረው። እኔ ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፤ ሜትሬ ሊስት ይችላል፤ የእሱ አማካሪ መሐንዲስ የተሻሻለ ፕላን ሊኖረው ይችላል። ይህን ሁሉ የሚያሳይበት በር ነበረው።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ብዙ ሰው በልቡ «እናንተም እኮ ትበላላችሁ» እንደሚል አውቃለሁ። እውነት አለበት። ፌሮ ሳያይ የሚፈርም፣ ሆን ብሎ ስህተት ፈልጎ የሚያመላልስ፣ «ሻይ» ሳይባል ፋይል የማያነሣ ባልደረባ ነበረን፣ አለንም። አንድ ባለንብረት አራት ጊዜ ተመላልሶ ተጉላልቶ አምስተኛው ላይ እኔን ሲያይ፣ የሚያየው እኔን ብቻ አይደለም። እኔን የመታኝ ሰው ከእኔ በፊት ለሌላ ሰው ከፍሎ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም «ተስማምተናል» ብሎ ነው የተናደደው። ስለዚህ ለተቆጣጣሪ ጥበቃ ስጠይቅ፣ ተቆጣጣሪው የለካውን በጽሑፍ ትቶ እንዲሄድ፣ ኮፒው ለባለንብረቱ እንዲሰጥ፣ ስሙና ፊርማው እንዲነበብ አብሬ እጠይቃለሁ። ብቻዬን መሄዴም ጥፋት ነበር፤ ጥንድ ሆኖ መሄድ ከቡጢም ከጉቦም ይጠብቃል። ሁለተኛ ሰው ባለበት «ስንት ትፈልጊያለሽ?» የሚል ሰው ትንሽ ነው።

በ2017 ታኅሣሥ፣ ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የሚነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማችንን ሲያወዛውዝ ብዙ ሰው ብርድ ልብሱን ይዞ ከፎቅ ወርዶ ነበር። በመጠን ከ5 በላይ የሆኑ ንዝረቶች ተመዝግበዋል። እኔ ልጆቼን ይዤ ግቢ ቆሜ የማስበው ያቺን 30 ሴንቲ ሜትር ነበር። ኮለን ሲወዛወዝ ቋሚ ፌሮው ወደ ውጭ መቆልመም ይፈልጋል፤ የሚከለክለው ስታፋው ነው። ስታፋው ከራቀ ፌሮው ይጎብጣል፣ አርማታው ይፈረካከሳል፣ ከላይ ያለው ወለል ሁሉ ይወርዳል። አዲስ አበባ ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ አጠገብ ያለች ከተማ ናት፤ ይህ ዕውቀት በየዩኒቨርሲቲው የሚሰጥ ትምህርት ነው እንጂ የእኔ ግምት አይደለም። በማግስቱ ሥራ ከመግባቴ በፊት በዚያ ሰፈር አለፍኩ። ሕንፃው ቆሟል። በበረንዳው ላይ የልጅ ልብስ ተሰጥቶ ነበር።

ስለ ካሳ ጥቂት ልበል፣ ብዙዎቻችን ስለማናውቀው። በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳት ማለት በመደበኛው ሰዓትና ቦታ የሚደርስ ብቻ አይደለም፤ በአሠሪው ትዕዛዝ ከሰዓት ወይም ከቦታ ውጭ ሲሠራ የሚደርስም ይጨምራል። እኔ ግን ትዕዛዙን የሚያሳይ ወረቀት ስላልነበረኝ ለሁለት ሳምንት ከሥራ የቀረሁት ከዓመት ፈቃዴ ተቆርጦ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዓርብ ዓርብ ለቅዳሜና ለእሑድ የሚወጣውን ሰው ሁሉ የሥራ ትዕዛዝ ራሴ እጽፋለሁ፤ ማን፣ የት፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ በማን ጥቆማ። ማኅተም አስደርጌ አንዱን ለሚወጣው ሰው፣ አንዱን ለፋይል። አለቆች ሲቀያየሩ ይህች ወረቀት አልተቀየረችም።

ከሕግ አውጪዎች የምፈልገው ብዙ አይደለም። አዲስ ወንጀል እንዲፈጠር አልጠይቅም። ተቆጣጣሪ ሲመታ አመልካቹ መሥሪያ ቤቱ ይሁን፣ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ በደብዳቤ ያመልክት፤ ይህ ግዴታ ይሁንበት። የተመታው ሰው ምስክር ይሁን፣ የክሱ ባለቤት አይሁን። ሽማግሌ እናቴ ቤት የሚመጣው ክሱ በእኔ እጅ ስላለ ነው፤ በእኔ እጅ ከሌለ እናቴ ቡናዋን በሰላም ትጠጣለች። ሁለተኛው ነገር፣ በተቆጣጣሪው ላይ ጥቃት የተፈጸመበት ሳይት የተጻፈበት ትዕዛዝ ሌላ ሁለት ባለሙያ ሄዶ እስኪያረጋግጥ ድረስ በምንም ዓይነት እርቅ አይነሣ። ቡጢው የተሰነዘረው ለዚያ ትዕዛዝ ነውና ትዕዛዙ ከቆመ ቡጢው ትርፍ የለውም።

ወደዚያች ወጣት ልመለስ። የተገፈተረችው ከካዛንቺስ ወደ ባምቢስ በሚወስደው በኩል፣ የቤዝመንት ቁፋሮ አጥር ሳይደገፍ ወደ ጎረቤት ግድግዳ እየተጠጋ ባለበት ሳይት ነው። አንድ እግሯ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቀርቶ አብሯት የሄደው ልጅ በጃኬቷ ይዞ አተረፋት። ክርኗ ተልጧል፤ «የእጅ እልፊት» ለመባል ከዚህ የተሻለ ጉዳት የለም። አሁን ግን የሥራ ትዕዛዝ ይዛለች፣ ምስክሯ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ የለካችው ሁሉ ተጽፏል። ከእሷ ጋር ሆኜ መሥሪያ ቤቱ ራሱ አመልካች የሚሆንበትን ደብዳቤ ለአለቃችን አረቀቅን፤ አለቃችን አንብቦ፣ ትንሽ ዝም ብሎ፣ ፈረመ።

ሽማግሌዎቹ ባለፈው ሐሙስ መጡ፤ ሁለት ናቸው፣ በዕድሜ የገፉ፣ የሰፈሩ እድር ሰዎች። ወንበር ሰጠናቸው፣ ሻይ አዘዝንላቸው። ልጅቱ ተነሥታ እጅ ነሣችና «አባቶቼ፣ እኔ ቂም የለኝም፣ ይቅር ብዬዋለሁ» አለች። ፊታቸው ፈካ። እኔ ቀጠልኩ፦ «እርቃችሁ ደርሷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። መዝገቡ ግን የእሷ አይደለም፤ የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ እሷ ልታነሣው አትችልም።» ትልቅየው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ታዲያ ይህን ቀድሞ የነገረን የለም» አሉ፤ ሻያቸውን ጨርሰው መርቀውን ወጡ።

በመርማሪው መዝገብ ላይ «የግል ተበዳይ» በሚለው መስመር የልጅቱ ስም አለ። ከበላዩ፣ «አመልካች» በሚለው ላይ፣ የመሥሪያ ቤታችን ስምና የደብዳቤው ቁጥር ሰፍሯል። ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ቀጠሮ አለን። የሥራ ትዕዛዙን ሦስት ኮፒ አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ።